ኬብል ሳይጎተት በሲም ራውተር የቤት ኢንተርኔት ማስገባት፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጀምሮ

«ሰፈራችን ፋይበር አልደረሰም፣ ደሞ ተከራይ ነን፣ አከራያችን ግድግዳ መብሳት አይፈቅዱም፣ በሲም ራውተር ብቻ ቤቱን ሙሉ ኢንተርኔት ማድረግ ይቻላል ወይ?» ይሄ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ይመጣልኛል፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሱ አዎ ይቻላል ነው። ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ ራውተር ይገዛና ከዛ ነው ኔትወርክ የሚፈልገው፣ መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ኔትወርክ የት ጋ እንደሚገባ ትለካላችሁ፣ ከዛ ሲም ትመርጣላችሁ፣ ራውተር የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ውድ ራውተር መጥፎ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ርካሹ ጥሩ ቦታ ላይ ሆኖ ይበልጠዋል፣ ይሄን በብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

የምጽፈው አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው፣ ባህር ዳርም ሐዋሳም ብትሆኑ አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 4ጂ የሚሰራ ስልክ፣ ለመለኪያ
- በስማችሁ የወጣ ሲም፣ ከተቻለ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም፣ ለሙከራው ከጎረቤት ወይም ከዘመድ መዋስም ይቻላል
- ሲም የሚይዝ 4ጂ ራውተር፣ ለአንድ ኦፕሬተር ሲም ብቻ ያልተቆለፈ
- ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ፣ ራውተሩን ወደ መስኮት ለማስጠጋት
- ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ፣ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ በእውነት ያስፈልጋል፣ ቁጥር ካልጻፋችሁ የቱ ቦታ እንደሚሻል ትረሳላችሁ

1. ቤታችሁን በስልክ ለኩ

ስልኩ ላይ የምታዩት አራት አምስት መስመር አያታልላችሁ፣ እሱ ግምት ነው፣ እያንዳንዱ ስልክ በራሱ መንገድ ነው የሚያሳየው። የሚፈለገው ቁጥሩ ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ አባውት ፎን፣ ከዛ ሲም ስታተስ ስትሉ ሲግናል ስትሬንግዝ የሚል ታገኛላችሁ፣ ብዙ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ብትደውሉም ይመጣል። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ።

ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፣ መለኪያው ዲቢኤም ይባላል፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው ማለት ነው። 4ጂ ላይ አርኤስአርፒ (RSRP) የሚባለውን፣ ማለትም የሲግናሉን ጥንካሬ ነው የምታዩት። ከ-90 የተሻለ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከ-90 እስከ -105 ይሰራል፣ ከ-105 እስከ -115 ይሰራል ግን ማታ ማታ ያስቸግራል፣ ከ-115 በታች ከሆነ እዛ ቦታ ላይ ራውተር አታስቀምጡ።

ዋይፋይ አጥፉና እያንዳንዱ ክፍል፣ እያንዳንዱ መስኮት ጋ ሄዳችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ጻፉት። ቶሎ ቶሎ ከሄዳችሁ ስልኩ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፣ ለዛ ነው መጠበቅ ያለባችሁ።

2. ሁለቱንም ኦፕሬተር በሶስት የተለያየ ሰዓት ሞክሩ

ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ላይ ስራ ስለጀመረ አሁን ምርጫ አላችሁ፣ ተጠቀሙበት። አንዱ ሰፈር ላይ አንዱ ይሻላል፣ መንገድ ተሻግራችሁ ደሞ ሌላው ይሻላል፣ ምክንያቱም ወሳኙ የኦፕሬተሩ የኔትወርክ ማማ ከናንተ ቤት ያለው ርቀትና በመሀል ያለው ህንጻ ነው። «ጓደኛዬ ጋ ይፈጥናል» የሚለው ለናንተ ቤት ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ስፒድ ቴስት፣ ማለትም የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ አድርጉ፣ ቢያንስ ለሁለት ቀን። የማማውን አቅም ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚካፈለው፣ ስለዚህ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ፍጥነቱ ይወርዳል። ጠዋት 40 ሜጋ (በሰከንድ ሜጋ ቢት ማለት ነው) አይታችሁ ደስ ብሏችሁ ትገዙና ማታ 2 ሜጋ ላይ ትቀራላችሁ። የምትወስኑት በማታው ቁጥር ነው። ለአንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ ገደማ ይበቃል፣ ለዙም ስብሰባ 3 ወይም 4 ሜጋ፣ እና አፕሎዱንም፣ ማለትም ከናንተ የሚወጣውን ፍጥነት እዩት፣ አፕሎድ ከ1 ሜጋ በታች ከሆነ ስብሰባ ላይ እናንተ ትሰማላችሁ እንጂ እናንተን አይሰሙም።

አንድ ስፒድ ቴስት ራሱ ፈጣን ኔትወርክ ላይ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ሊበላ ይችላል፣ ፓኬጅ ሳትሞሉ አትጀምሩ።

3. በወር ስንት ጊጋ እንደሚበቃችሁ አስሉ

ከገመድ መስመር ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው፣ እዛ ወርሃዊ ከፍላችሁ ትረሱታላችሁ፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ጊጋ ይቆጠራል። ለአራት ሰው ቤት እንዲህ አድርጉ፦ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ቪዲዮ በ480 ጥራት፣ በሰዓት 0.6 ጊጋ ብንል በወር 36 ጊጋ። የስራ ቀን አንድ አንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ፣ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ፣ በ22 ቀን 22 ጊጋ። አራት ስልክ ለቲክቶክ፣ ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክ በቀን ግማሽ ግማሽ ጊጋ፣ በወር 60 ጊጋ። ድምሩ 118 መጣ፣ ለአፕዴት 20 በመቶ ጨምሩበት፣ ወደ 140 ጊጋ ነው። ቲቪው ላይ 1080 ጥራት ካያችሁ የቪዲዮው ብቻ እስከ አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይደርሳል።

አንሊሚትድ የሚል ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት «ስንት ጊጋ ከተጠቀምኩ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ገደብ ካለው ከገደቡ በኋላ ያለው ፍጥነት ለቪዲዮ ይበቃል ወይ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። የሌሊት ፓኬጅ ደሞ ለትላልቅ ዳውንሎድ ጥሩ ነው፣ ለቤት ዋና ፓኬጅ ግን አይሆንም፣ ሌሊት ተኝታችኋላ።

4. ራውተሩን ምረጡ

ሶስት ዓይነት እቃ ገበያ ላይ ታገኛላችሁ። ዶንግል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ ነው፣ ለአንድ ላፕቶፕ ነው። ሚፋይ የሚባለው በባትሪ የሚሰራው ትንሹ ለመንገድ ነው፣ ቤት ውስጥ 24 ሰዓት ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ከተጠቀማችሁት ባትሪው ሊያብጥ ይችላል፣ ደሞ ዋይፋዩ ሁለት ግድግዳ አያልፍም። ለቤት የሚሆነው ከግድግዳ ሶኬት የሚሰራው ትልቁ ሲም ራውተር ነው፣ ሁዋዌ፣ ዜድቲኢ፣ ቲፒሊንክ ሁሉም አላቸው።

ስትገዙ አራት ነገር እዩ። አንደኛ ያልተቆለፈ መሆኑን፣ ከውጭ ሀገር በሰው የመጣ ራውተር ብዙ ጊዜ ለዛ ሀገር ኦፕሬተር የተቆለፈ ነው፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ኢንተርኔት ሳታዩ አትክፈሉ። ሁለተኛ ባንድ 3፣ ማለትም 1800 ሜጋኸርዝ መደገፉን፣ እዚህ ሀገር 4ጂ በብዛት የሚሰራው በሱ ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ ተሰርተው የሚመጡ አንዳንድ ራውተሮች ደሞ እሱ የላቸውም። ዘመድ ከዲሲ ሊልክላችሁ ከሆነ የሞዴሉን ቁጥር አስልካችሁ ቀድማችሁ አጣሩ። ሶስተኛ ከኋላ ሁለት የአንቴና መሰኪያ ቢኖረው፣ ዛሬ ባያስፈልጋችሁ ነገ ቤት ስትቀይሩ ያስፈልጋል። አራተኛ የራሱ አዳፕተር አብሮት መኖሩን።

5ጂ ራውተር ልግዛ ወይ ለምትሉ፣ ቤታችሁ ውስጥ 5ጂ ስልክ ይዛችሁ ለክታችሁ ካገኛችሁት አዎ፣ ካልሆነ ብሩን ለዩፒኤስ አውሉት።

5. ሲሙን አዘጋጁ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

- ቴሌብር ወይም ባንክ የተመዘገበበትን ሲም ራውተር ውስጥ አታስገቡ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ራውተሩ ውስጥ ነው፣ ገንዘብ ልታወጡ ቆማችሁ ኮድ ፍለጋ ቤት ትመለሳላችሁ።
- ሲሙ ላይ ፒን ካለ ስልክ ላይ አድርጋችሁ አጥፉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ፒን ይጠይቅና እናንተ እስክትመጡ ዝም ብሎ ይቆያል።
- ሲሙ ላይ ካርድ አትሙሉ፣ ፓኬጁን ከሌላ ስልክ ግዙለት። ፓኬጁ ሳታውቁት ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ መብላት ይጀምራል፣ ሂሳብ ከሌለ ግን በቃ ይቆማል፣ ያ ይሻላል።
- ናኖ ሲም ትልቅ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ፍሬም አትክተቱ፣ ውስጥ ይቀረቀርና መፍታት ይመጣል። ሲሙን ስታወጡት የተረፈውን ፕላስቲክ ፍሬም አትጣሉት።

6. አስነሱት፣ ኤፒኤን አስተካክሉ፣ ፓስወርድ ቀይሩ

ራውተሩ ጠፍቶ እያለ ሲሙን አስገቡ፣ ከዛ አብሩት፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ጠብቁ። ከስር ወይም ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ላይ የዋይፋይ ስምና ቁልፍ አለ፣ በሱ ግቡ። ከዛ ብራውዘር ላይ ወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻ ጻፉ፣ ሁዋዌ ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ነው፣ ሌሎቹ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1።

ሲግናል እያለ ኢንተርኔት ከሌለ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤፒኤን (APN) ነው፣ ራውተሩ ወደ ኦፕሬተሩ ኢንተርኔት የሚገባበት ስም ማለት ነው። ቀላሉ መንገድ ያንኑ ሲም ስልክ ውስጥ ከታችሁ ስልኩ በራሱ የሞላውን ኤፒኤን አይታችሁ ፊደል በፊደል ራውተሩ ላይ መገልበጥ ነው። አንዲት ነጥብ ብትዘሉ አይሰራም።

ከዛ ሁለት ፓስወርድ ትቀይራላችሁ፣ የዋይፋዩንና የራውተሩን ገጽ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይቀይራል፣ ሁለተኛው ግን እንደወጣ ይቀራል፣ ዋይፋያችሁ ላይ የገባ እንግዳ ሁሉ ሴቲንጋችሁን መቀየር ይችላል ማለት ነው። ሴኩሪቲው ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ይሁን፣ ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያስገባውን፣ አጥፉት። እዚህ ፓስወርድ ሲሰረቅ የሚሄደው ኢንተርኔት ብቻ አይደለም፣ የገዛችሁት ጊጋም ነው።

7. ቦታውን ፈልጉ

ጊዜያችሁን ሁሉ እዚህ ላይ አጥፉ ብል ደስ ይለኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እህቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ራውተሩን ሳሎን ከቲቪው ጀርባ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣው ነበር፣ ለማየት አያምርም ብላ። አርኤስአርፒ -112፣ ኤስአይኤንአር (SINR፣ ምን እንደሆነ ከታች አለ) 1፣ ፍጥነቱ 3 ሜጋ። ማራዘሚያ ሰክተን ይዘነው ዞርን፣ መኝታ ቤት -104 አለ፣ በረንዳ በር ጋ -99 አለ፣ ግን ኤስአይኤንአሩ 4 ነበር። ወጥ ቤት መስኮት ጋ ስናደርሰው -96 እና 14፣ ፍጥነቱ 22 ሜጋ። ያው ራውተር ያው ሲም ነው። አሁን ከመስኮቱ ጎን የቅመም መደርደሪያው ላይ ነው ያለው፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ቁጥር ልብ በሉ። ኤስአይኤንአር የምትፈልጉት ሲግናል ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው የሚነግራችሁ። ከ20 በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ13 እስከ 20 ጥሩ፣ ከዛ በታች እየደከመ ይሄዳል፣ ከ0 በታች ከሆነ ኔትወርክ ሙሉ እየታየ ኢንተርኔቱ አይንቀሳቀስም። ሰዎች «አምስት መስመር እያሳየ ለምን አይሰራም» የሚሉት ይሄንን ነው። በረንዳው በር ጋ የሆነው እሱ ነው፣ ሲግናሉ ብዙም ሳያንስ ከሁለት ሶስት ማማ አንድ ላይ እየመጣ ይረባበሽ ነበር። ሁለት ቦታ ተቀራራቢ አርኤስአርፒ ካላቸው ኤስአይኤንአሩ የሚበልጠውን ምረጡ። ሁለቱንም ቁጥር ራውተሩ ገጽ ላይ ዲቫይስ ኢንፎርሜሽን ወይም ስታተስ የሚል ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አፈላለጉ ላይ እነዚህን ያዙ፦ ከፍ ያለ ቦታ ከወለል ይሻላል። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር ሲግናል ይመልሳሉ፣ ስለዚህ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኮርኒስ ስር ከመስቀል መስኮት ጋ ማድረግ ይሻላል። ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ቲቪ ጀርባ አይሆንም። ማማው የሚታይበት መስኮት ካለ እሱን መጀመሪያ ሞክሩ፣ ግን ቅርብ ያየሁት ማማ የኔ ኦፕሬተር ነው ብላችሁ እርግጠኛ አትሁኑ። አንዳንዴ 20 ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ወይም ራውተሩን ሩብ ያህል ማዞር ልዩነት ያመጣል። ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጻፉ፣ ቀጥሉ።

ሁሉንም ዞራችሁ ከ-110 የተሻለ ካላገኛችሁ ነው የውጭ አንቴና የሚታሰበው። ሁለት ኬብል ያለውን ግዙ፣ 4ጂ በሁለት አንቴና ነው የሚሰራው፣ አንዱን ብቻ ከሰካችሁ ጥቅሙን ግማሹን ታጡታላችሁ። ኬብሉ አጭር ይሁን፣ 10 ሜትር ቀጭን ኬብል አንቴናው ካመጣው ሲግናል ከግማሽ በላዩን መንገድ ላይ ይበላዋል። ሴቲንጉ ውስጥ አንቴና የሚል ምርጫ ካለ ኤክስተርናል አድርጉት፣ አለዚያ ሰክታችሁም ራውተሩ የውስጡን ሊጠቀም ይችላል።

አንድ ነገር ደሞ፣ ኔትወርክ ሞድ ላይ ኦቶ የሚለውን 4ጂ ብቻ አድርጉት። ኦቶ ላይ ሲግናል ትንሽ ሲወርድ ወደ 3ጂ ይዘልና እዛው ይቀራል፣ እናንተ ኢንተርኔት ተበላሸ ትላላችሁ። ራውተሩ ላይ መደበኛ ስልክ ሰክታችሁ የምትደውሉ ከሆነ ግን ኦቶ ላይ ተዉት፣ ጥሪው 3ጂ ሊፈልግ ይችላል።

8. ዋይፋዩ ክፍሎቹን እንዲያዳርስ አድርጉ

ለሲም ጥሩ የሆነው ቦታ ለዋይፋይ ጥሩ ላይሆን ይችላል፣ ወጥ ቤት ጥግ ላይ ከሆነ መኝታ ቤት አይደርስ ይሆናል። ቅድሚያ ለሲሙ ስጡ፣ ዋይፋይን በሌላ ነገር ማድረስ ይቻላል፣ የማማ ሲግናልን ግን አይቻልም። ከራውተሩ የኔትወርክ ኬብል ዘርግታችሁ ሁለተኛ ተራ ራውተር አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ማከፋፈያ ብቻ አድርጋችሁ መሀል ቤት ማስቀመጥ በጣም ጥሩው ነው። ከራውተሩ ሁለት የዋይፋይ ዓይነቶች 2.4 (ጊጋኸርዝ) የሚለው ግድግዳ ያልፋል ግን ይዘገያል፣ 5 የሚለው ይፈጥናል ግን አንድ የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ 2.4 ላይ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉና የቱ እንደሚሻል ሞክሩ።

9. ዳታ በዝምታ የሚበሉትን ዝጉ

ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ ያለ ገደብ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ፎቶ ባክአፕ ይጀምራል፣ አፕ አፕዴት ያደርጋል፣ ዩቲዩብ ጥራቱን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ይሄ ዋይፋይ የሚቆጠር መሆኑን ንገሩት። አንድሮይድ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ሚተርድ አድርጉት፣ አይፎን ላይ ሎው ዳታ ሞድ፣ ዊንዶውስ ላይ ሚተርድ ኮኔክሽን። ቴሌግራም ላይ ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ በዋይፋይ የሚለውን አጥፉት፣ ቲቪው ላይ ደሞ ጥራቱን 480 ወይም 720 ላይ እሰሩት።

ራውተሩ ገጽ ላይ የወር ገደብ አስገቡ፣ ሲቃረብ ይነግራችኋል። ፓኬጅ ሊያልቅ ነው የሚለው ኤስኤምኤስ የሚመጣው ራውተሩ ውስጥ ስለሆነ እሱንም በየሳምንቱ እዩት። የኤስኤምኤስ ሳጥኑ ከሞላ አዲስ መልእክት አይገባም፣ አጽዱት።

10. መብራት ሲጠፋ

አዳፕተሩ ላይ ያለውን አንብቡ፣ ብዙዎቹ 12 ቮልት 1 ወይም 2 አምፔር ናቸው። ሚኒ ዩፒኤሱ ያንኑ ቮልት መስጠት አለበት፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። 8800 (ሚሊ አምፔር ሰዓት) የሚል የተጻፈበት ባትሪ በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፣ ወደ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ 7 ዋት የሚበላ ራውተር ላይ አራት ሰዓት አካባቢ ይቆያል። «ሙሉ ቀን ይሰራል» ቢሏችሁ በዚህ ሂሳብ መልሱላቸው። ሌላው ጥቅሙ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ራውተሩን በቀጥታ አያገኘውም።

ማስጠንቀቂያ

- ነጎድጓድ ሲጀምር የውጭ አንቴና ኬብሉን ከራውተሩ ንቀሉ፣ ክረምት ላይ በተለይ።
- የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ለነገ አቆዩት።
- መስኮት ጋ ስታደርጉት ጸሀይ በቀጥታ አያግኘው፣ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዛም እየጠፋ ይነሳል። ዳንቴል አታልብሱት።
- 12 ቮልት ራውተር ላይ የሌላ እቃ አዳፕተር ገባልኝ ብላችሁ አትሰኩ፣ ጫፉ ይገባል ቮልቱ ግን ይለያያል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

የደህንነት ካሜራ በፖርት ፎርዋርድ፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ ራውተሩ ወደ ካሜራው እንዲያሳልፍ በማድረግ፣ ከውጭ ለማየት መታገል። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ የብቻ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) አይሰጣችሁም፣ አንዱን አይፒ ብዙ ደንበኛ ይካፈለዋል፣ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ ወደናንተ የሚያደርሰው መንገድ የለውም። በራሱ አፕ በክላውድ የሚታይ ካሜራ ግዙ።

ሪፒተር ገዝቶ የሲም ሲግናል ይጨምራል ብሎ መጠበቅ። ዋይፋይ ሪፒተር ያለውን ዋይፋይ ነው የሚያርቀው፣ የገባው 2 ሜጋ ከሆነ ሪፒተሩም ያንኑ 2 ሜጋ ነው የሚያደርሰው።

ኢንተርኔት ሲዘገይ ወዲያው ሪሴት ቀዳዳውን መጫን። እሱ ሁሉንም ሴቲንግ ያጠፋል፣ ኤፒኤኑንም ፓስወርዱንም። መጀመሪያ ፓኬጁ አልቆ እንደሆነ እዩ፣ ከዛ አርኤስአርፒና ኤስአይኤንአሩን መጀመሪያ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ያው ሆኖ ፍጥነቱ ከወረደ ማማው ተጨናንቋል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሞክሩትና ከተመለሰ ችግሩ ራውተሩ አይደለም። ቁጥሩ ራሱ ከወረደ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል ወይም ፊት ለፊት ህንጻ እየወጣ ነው፣ ያኔ ማራዘሚያውን ይዛችሁ ደረጃ 7ን ድገሙት። ቁጥሩ ጭራሽ ከሌለ ደሞ ራውተሩን ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት፣ ካልተነሳ ሲሙን ስልክ ላይ ሞክሩ፣ ስልኩም ላይ ካልሰራ ሲሙን ይዛችሁ ኦፕሬተሩ ጋ ሂዱ፣ መታወቂያችሁን አትርሱ።